«ብዬህ አልነበረም?»

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2071 ስለ እንስሳ ባለቤት ይደነግጋል። እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። በድንገት ከእጁ አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ የማይጠረጠር ቢሆንም፣ ያው ኃላፊ ነው። ይህን ያነበብኩት ውሻዬ የጎረቤቴን የልጅ ልጅ ከነከሰ በኋላ ነው። ሕግ የሚያውቅ ወዳጄ ቁጥሩን አውጥቶ ሲያሳየኝ ፊቴ ሲለዋወጥ አየና ካሣ የፈራሁ መስሎት ሊያጽናናኝ ሞከረ። ካሣውን አልነበረም የፈራሁት። በዚያን ጊዜ ጥፋቱን ለሌላ ሰው አሸክሜ ጨርሼ ነበር።

ሥራዬ ማስተማር ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ለብዙ ዓመት የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት አስተምሬአለሁ። መጽሐፋችን 11 ምዕራፎች ነበሩት፤ ከእነሱ አንዱ «ኃላፊነት» ይላል። ትርጉሙን ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ምሳሌ አስመጥቼበታለሁ፣ ፈተና አውጥቼበታለሁ። ያጠፋሁበት ሰው ደግሞ እኔው ቤት የሚያድር፣ ጠዋት ደብተሩን ይዞ ከእኔው ጋር ከበር የሚወጣ ልጅ ነበር፤ የታላቅ ወንድሜ ልጅ።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ግቢያችን በአንድ ቀን ሞላ። አራት ልጆች፣ ባለቤቴ፣ አማቴ፣ ጓሮ ያለችውን ክፍል የተከራዩት ባልና ሚስት ከነሕፃናቸው፣ ቧንቧችን ውኃ ባመጣ ቁጥር ጀሪካን ይዞ የሚገባው ጎረቤት፤ የግቢው በር ተዘግቶ አይውልም ነበር። ለትምህርት ከሰከላ ወርዶ እኛ ዘንድ የተቀመጠው የወንድሜ ልጅ ትምህርቱ ሲቋረጥ ወደ ቀዬው ወደ ግሽ ዓባይ ተመለሰ። ክረምቱ ሲገባ፣ መኪናው በግማሽ እየጫነ በእጥፍ በሚያስከፍልበት ጊዜ፣ ጋቢው ውስጥ ቡችላ ሸጉጦ መጣ። ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በሰፈራችን ሌባ በዝቶ ስለነበር ለወንድሜ ደውዬ «ሰው የሚያስፈራ ውሻ ዘር ፈልግልኝ» ብዬው ነበር።

ወንድሜ ሳቀብኝ። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። የሰከላ ውሻ ደጋ ላይ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት አገር ነው የሚያድገው። ቀን ከእረኛው ጋር ሜዳ ይውላል። ዝንጀሮ ወደ ማሳ ሲወርድ ያባርራል። ማታ ከበረቱ አጠገብ ተኝቶ ጅብ ሲጠጋ ይጮኻል። ሰንሰለት የሚባል ነገር በአንገቱ ዞሮ አያውቅም፤ ቁጭ በል፣ ተነሥ ብሎ የሚያስተምረውም የለም። ከትልልቆቹ ውሾች እያየ፣ ከልጆቹ ኋላ እየተከተለ፣ ከሰው ደጅ ሲደርስ በዱላ እየተባለ ሥርዓቱን ይማራል። ማታ ሲገባ እግሩ ዝሎ ስለሚሆን ጫማ የሚበላበትም ጊዜ የለው። እኔ ያንን ሁሉ ሜዳ ከነሥራው ቀምቼ፣ ወደ 1,900 ሜትር አውርጄ፣ በቆርቆሮ አጥር መካከል አስቀመጥኩትና «ለምን አያርፍም?» ማለት ጀመርኩ።

ቡችላው መልኩ ዳማ ስለነበር የወንድሜ ልጅ ዳማ አለው። የእኔ ልጆች ከፊልም ያመጡትን ስም ሰጥተው ጃክ አሉት። አማቴ ውሻ ስም አያስፈልገውም ባይ ናቸው፤ «አንተ!» ይሉታል። ትንሿ ልጄ እንጀራ ይዛ ትጠራውና ሲዘልባት ትስቃለች፤ ያው ውሻ በነጋታው አማቴ ላይ ሲዘል በመጥረጊያ ይመታል። አንዱ ከገበታው ሥር ያጎርሰዋል፣ ሌላው ወደ ገበታው ተጠጋ ብሎ ይረግጠዋል። ስለዚህ ዳማ የተማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዚህ ቤት ሰው ምን እንደሚመጣ እንደማይታወቅ። በዚያ ላይ እንቅልፍ የለውም። ቡችላ ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ16 እስከ 18 ሰዓት መተኛት እንደሚገባው በኋላ አነበብኩ። እኛ ቤት ጥግ ይዞ በተጋደመ ቁጥር የሚቀሰቅሰው ልጅ አይጠፋም ነበር። ማታ ማታ ዓይኑ ደፍርሶ የሁሉንም ቀሚስና ሱሪ እየጎተተ ሲዞር «ጉልበቱ አያልቅም!» እንላለን። ጉልበት አልነበረም፤ ድካም ነበር።

ከሁላችን ውሻውን የሚያውቀው የወንድሜ ልጅ ብቻ ነው። ማንም አላዘዘውም። ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ በገመድ ይዞት ወደ ላህ ወንዝ ይወርዳል፤ ትምህርት ሲከፈትም ደወል ሳይደወል ተመልሶ፣ እግሩን ታጥቦ፣ ደብተሩን ይዞ ይሄድ ነበር። ከበር ከመውጣታቸው በፊት ያስቆመዋል። ውሻው ገመዱን ከሳበ በሩ አይከፈትም፤ ሲረጋ ይከፈታል። ይህን ሳይጮኽ፣ ሳይመታ ያደርገዋል። በመንገድም ውሻው ወደፊት ከጎተተው ዝም ብሎ ይቆማል፤ ገመዱ ሲላላ ይራመዳል። «ምን ያደርግልሃል ይህ ሁሉ?» ስለው «ጋሼ፣ መጎተት መንገድ እንደማያስሄደው ሲያውቅ ይተወዋል» አለኝ። ወንዝ ዳር ቁራሽ እንጀራ ሣር ውስጥ ይደብቅና ያስፈልገዋል። ሽቶ ሽቶ ሲያገኝ ከሩጫ የበለጠ ይደክማል ይላል። እቤት ሲመለሱ ውሻው ውኃውን ጠጥቶ ጥላ ሥር ይዘረጋል፤ እስከ ረፋድ ድምፁ አይሰማም።

ልጆቼንም ማስተማር ጀምሮ ነበር። ሲዘልባችሁ አትሩጡ፣ አትጩኹ፣ እጃችሁን አጥፋችሁ ፊታችሁን አዙሩ፤ አራቱ እግሩ መሬት ሲነካ ያኔ አናግሩት ይላቸዋል። ሲበላና ሲተኛ አትንኩት ይላቸዋል። ስሙን አንድ እናድርገው ብሎ ከልጆቼ ጋር ተከራክሮ ዳማን አጸደቀ። እሱ ራሱ ገና ልጅ ነው፤ መጽሐፍም አንብቦ አይደለም። በአሜሪካ ባር ሃርበር በተባለ ቦታ ስኮትና ፉለር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ለዓመታት ቡችሎችን እያሳደጉ አጥንተው በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ያየውንና የለመደውን ሰውና ነገር በኋላም እምብዛም እንደማይፈራ ጽፈዋል። የወንድሜ ልጅ ይህን በሌላ አነጋገር ያውቀዋል፤ ቡችላውን ባጃጅ የሚቆምበት ወስዶ፣ ገበያ አጠገብ አስቀምጦ፣ ዣንጥላ የያዘ ቄስ፣ አህያ፣ ብስክሌት ያሳየው ነበር። «ካልለመደ ይፈራል፤ ከፈራ ይነክሳል» ነበር የሚለው።

እና እኔ ይህን አስቆምኩት።

ለምን እንዳስቆምኩት ለመናገር ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል፤ ምክንያቱ ለልጁ የነገርኩት አልነበረምና። ጥቅምት 2013 ላይ ትምህርት ቤቶች በየተራ ሲከፈቱ፣ ተማሪው በፈረቃ መማር ሲጀምር፣ የአንድ ትምህርት ውጤቱ ትንሽ ዝቅ አለ። «ከውሻ ጋር ወንዝ ለወንዝ ስትዞር ነው» አልኩት። ለእሱ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው። እውነተኛው ሌላ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሻይ ቤት ተቀምጠን «የወንድምህን ልጅ የውሻ እረኛ አደረግከው እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁን ከገጠር አምጥቼ እያስተማርኩ ነው ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩና ያቺ ቀልድ ነከሰችኝ። ሌላው ምክንያት ደግሞ ውሻው ሰው መውደዱ ነው። ጎረቤት ሲገባ ጭራውን ይቆላል። «ሁሉን የሚወድ ውሻ ምን ይጠብቃል? ቀን ታስሮ ካልዋለ ማታ አያስፈራም» አሉኝ፤ በከተማችን ሁሉም የሚያውቀው ጥበብ ነው። እኔም ሰንሰለት ገዛሁ። የማድ ቤቱ ቋሚ ላይ ትልቅ ምስማር መትቼ አሰርኩት።

ልጁ የዚያን ዕለት አንድ ነገር ብሎኛል። «ጋሼ፣ ሌላው ቢቀር ጠዋት ጠዋት ልውሰደውና ከዚያ ይታሰር።» «ስለ ውሻ ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ» አልኩት። ይህቺን ንግግር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ዳማ በሰንሰለቱ ርዝመት መሬቱን ክብ አድርጎ ጎደጎደው። ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። የተከራዮቹ ሕፃን መተኛት አቃተው። ልጆቼ ከፈረቃ ሲመለሱ ሊያጫውቱት ሲጠጉ ሰንሰለቱ እስኪወጠር ድረስ ይወረወርባቸዋል፤ ደስታው ነበር፣ ነገር ግን ጥርሱንም ጥፍሩንም ይዞ የሚመጣ ደስታ ነውና ልጆቹ ፈርተው ራቁት። ሲርቁት ደግሞ ይብስበታል። በየሳምንቱ የባሰ አውሬ መሰለኝ፤ የባሰ አውሬ በመሰለኝ ቁጥር ሰንሰለቱ ትክክል እንደነበር አረጋገጥኩ። ለ45 ደቂቃ ቁጭ ብሎ ከተማረ በኋላ ደወል ሲደወል እየጮኸ ሜዳውን የሚያጥለቀልቅ ተማሪ በየቀኑ እያየሁ፣ እረፍት ተከልክሎ የዋለ ክፍል ከሰዓት ምን እንደሚሆን እያወቅሁ፣ ውሻው ላይ ሲሆን ጠፋኝ። አማቴ እንኳ፣ ውሻ ደጃፍ ሲረግጥ የሚቆጡት ሴት፣ አንድ ቀን እየጮኸ አላስጸልይ ሲላቸው ወጥተው «ልጄ፣ ጦብያ ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋር ተከትሎታል፤ ያንተው እስከ በር እንኳ አልሄደ» አሉኝ። ሳቅንበትና አለፈ።

በዴንቨር ከተማ የተደረገ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ሰው የነከሱ ውሾችን ካልነከሱ ውሾች ጋር አነጻጽሮ፣ ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰረው ውሻ የመናከስ ዕድሉ 2.8 እጥፍ መሆኑን አግኝቷል። ይህንንም ያነበብኩት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ ባነበው እሰማ ነበር ግን አልልም። ማድ ቤቴ አጠገብ በየቀኑ የሚነግረኝን ውሻ ያልሰማሁ ሰው ዴንቨርን እንዴት እሰማለሁ?

ክትባትም አልነበረውም። ቡችላ በሦስት ወሩ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዶ በየዓመቱ ሊደገምለት እንደሚገባ አውቃለሁ። የእንስሳት ክሊኒኩ ሩቅ አልነበረም፣ ገንዘቡም አልከበደኝም። ዛሬ ነገ እያልኩ ነው። ምስማሩም እየተነቃነቀ ነበር፤ የተከራዩ ሚስት «ጋሼ፣ ያ ምስማር ሊወጣ ነው» ብላኛለች። «ነገ እመታዋለሁ» አልኳት።

ሚያዝያ 2013 ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የሰፈር ልጆች ከበራችን ፊት ለፊት ሱዚ ይዘላሉ። ውኃ ቀጂ በሩን ከፍቶት ገብቷል። ምስማሩ ወጣ። ዳማ ሰንሰለቱን እያንኳኳ ሲወጣ ልጆቹ ጮኸው ተበተኑ፤ የሚሮጥ ነገር ሲያይ ከኋላው ተከተለ፤ የጎረቤታችንን የልጅ ልጅ ባቷ ላይ ነከሳት። ከቤት ስወጣ የወንድሜ ልጅ ሰንሰለቱን ረግጦ ውሻውን ይዞት ነበር። አልመታውም። አጥሩ ላይ አሰረውና ጀሪካንና ሳሙና ይዞ ልጅቷን ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ቁስሏን ማጠብ ጀመረ። ሰው ሁሉ ይጮኻል፤ አያትየው «ወደ ባህል ሐኪም» ይላሉ፤ አንዱ ውሻውን ለመግደል ድንጋይ ያነሣል። እሱ ግን ዝም ብሎ ያጥባል። በነከሰው ቦታ ላይ ውኃና ሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ማፍሰስ የመጀመሪያው መድኃኒት መሆኑን የሳይንስ መምህሩ ነግሮታል፤ የተማረውን አደረገ። እኔ በዚያ ሰዓት ለሕዝቡ «ውሻው ጤነኛ ነው፣ ጤነኛ ነው» እያልኩ ነበር። ጤነኛ መሆኑን በምን አውቄ?

ጤና ጣቢያ ሄድን። ልጅቷ፣ እናቷ፣ አያቷ፣ እኔና የወንድሜ ልጅ። ነርሷ መዝገቡን ገልጣ «ውሻው ተከትቧል?» አለች።

ወደ ልጁ ዞርኩና «አስከትበው ብዬህ አልነበረም?» አልኩት።

አላልኩትም ነበር። አንድም ቀን አላልኩትም። ነርሷም እናትየውም ወደ እሱ አዩ። እኔም የጀመርኩትን ለመጨረስ «ምስማሩንስ እየው ብዬህ አልነበረም?» ጨመርኩ። በጥያቄ መልክ የመጣ ውሸት ምስክር አይጠየቅበትም፤ የሚጠበቀው መልስ ሰጪው ብቻ ነው። መልስ ሰጪው ደግሞ ታላቁን በሰው ፊት ማስተባበል ነውር መሆኑን ጡት ሲጥል የተማረ የጎጃም ልጅ ነው። «አዎ» አላለም፤ «አይ» አላለም። ሳሙና የደረቀበትን እጁን እያየ ቆመ። ይህን እንደሚያደርግ አውቅ ነበር። ዋናው ኃጢአቴ እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ስንፍና ነው፣ ሞኝነት ነው፣ ይህ ግን አውቄ ያደረግሁት ነው።

ልጅቷ ክትባት ተጀመረላት። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ገደማ ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት፣ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ እንደሆነ፣ ከሚነከሱት ውስጥ 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች መሆናቸውን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። አያትየው ይህን በቁጥር አያውቁትም፤ የሚያውቁት በልጅነታቸው በሰፈራቸው ያዩትን ነው። መርፌ ሲባልም የድሮው ነው ትዝ የሚላቸው፤ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ፌርሚ የሚባለው ክትባት፣ ለ14 ተከታታይ ቀን ሆድ ላይ የሚወጋው። ሌሊት ሌሊት ሲያለቅሱ በአጥሩ በኩል ይሰማኝ ነበር።

ውሻው 10 ቀን ታስሮ ይታይ ተባለ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካልታመመ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ያን ሰሞን ከወንድሜ ልጅ በስተቀር የተጠጋው አልነበረም። ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ርቆ ተቀምጦ ያነጋግረዋል። እቤት ውስጥ ከእኔ ጋር አይነጋገርም ማለት አይቻልም፤ «እሺ ጋሼ»፣ «መጣሁ ጋሼ» ይላል። ሰፈሩ ግን ፈርዶበታል። ሱቅ ሲላክ «ውሻ ፈቺው» ይሉታል። ባለቤቴ አንድ ማታ «እንዲያስከትበው መቼ ነው የነገርከው?» አለችኝ። «ነግሬዋለሁ» አልኳት። አልመለሰችልኝም፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች።

ዳማ አልታመመም፤ ልጅቷም ዳነች፤ ባቷ ላይ ጠባሳው አለ። የትምህርት ዘመኑ ሲያልቅ የወንድሜ ልጅ ውሻውን ይዞ ወደ ሰከላ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት አልተመለሰም፤ እዚያው ግሽ ዓባይ ከተማ ተመዘገበ። ወንድሜ «አገሩን ናፍቆ ነው» አለኝ። እኔም «ልጅ ነው፣ ይናፍቃል» አልኩ።

ለአቡነ ዘርአ ብሩክ ክብረ በዓል፣ ጥር 13፣ ወደ ግሽ ዓባይ ወጣሁ። ሰው ጸበሉ ዘንድ ተሰልፏል። ከበዓሉ በኋላ ወንድሜ ቤት ስሄድ ዳማን አየሁት። ከበጎቹ ጋር ነበር። ትልቅ ሆኗል፤ የደጋው ፀጉር አውጥቷል። ስቀርብ ጮኸ፤ ልጁ አንድ ጊዜ በስሙ ሲጠራው ዝም ብሎ ተቀመጠ። የወንድሜ ትንንሽ ልጆች አጠገቡ ይላፋሉ፣ አንዷ ጆሮውን ይዛ ትጎትታለች። በእኔ ቤት አውሬ የነበረ እንስሳ እዚህ የቤት ዕቃ ያህል እንኳ አልታየም፤ የሚያወራለትም የለም። ለወንድሜ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ጠላ ቀረበ፣ እንግዳ መጣ፣ ነገር ተነሣ። ሳልነግረው ወረድኩ።

ለንስሐ አባቴ የነገርኩት በዚያው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ ነው። ሰው ስለ ዝሙትና ስለ ስርቆት ሲናዘዝ እኔ ስለ ውሻ መናዘዜ አሳፍሮኝ አሳጥሬ ነገርኳቸው። አባ አላሳጠሩልኝም። «ቃሉን የተናገርከው የት ነው?» አሉኝ። ጤና ጣቢያ። «ማን ሰማ?» ነርሷ፣ እናትየው፣ አያትየው። «እንግዲያው ለእኔ መናገርህ ምን ይረባቸዋል? የሰሙት ይስሙ» አሉኝ። ስግደቱንም ሰጡኝ፤ እሱ ቀላሉ ነበር።

ወደ ጎረቤቴ ለመሄድ ሳመነታ ጊዜ አለፈ። ከዚያ በኋላ አገሩ ሰላም አጣ፤ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት፣ ሰው በጊዜ በሩን ሲዘጋ፣ ስለ ውሻ ማውራት ቅንጦት መሰለ። ያም ሰበብ ሆኖኝ ቆየ። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገባሁባቸው። ቡና እየተፈላ ነበር። «እትዬ፣ ያን ጊዜ ልጁን ያልኩት ውሸት ነበር» አልኳቸው። አስከትበው አላልኩትም፣ ምስማሩም ተነግሮኝ የተውኩት እኔ ነኝ አልኳቸው። አያትየው ስኒውን እያጠቡ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«እናውቃለን» አሉኝ። «አጥራችን አንድ ነው። ልጁ ጠዋት ጠዋት ልውሰደው ብሎ ሲለምንህ፣ ስለ ውሻ እንዳታነሣብኝ ስትለው እዚህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። አንተ መምህር ነህ፤ ምን እንበል? ዝም አልን።»

ይህን ያህል ጊዜ የተደበቅሁት ከራሴ ብቻ ነበር ማለት ነው። ልጁም ያውቃል፣ ባለቤቴም ታውቃለች፣ ጎረቤትም ያውቃል። እነሱም ዝም በማለታቸው ልጁን «ውሻ ፈቺው» ሲሉት ከረሙ። ይህን ለመቆጣት ሞከርኩ፤ አቃተኝ። ዝምታቸው እኔን ለማክበር የተከፈለ ነው፤ ከፋዩ ግን ልጁ ነው።

ለልጁ ደወልኩለት። አሁን ድምፁ ጎርንኗል። ያልኩህ ሁሉ ውሸት ነበር፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ለብዙ ጊዜ አልመለሰም፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ምስማሩን እኔም አይቼው ነበር። እንዳልነግርዎት ስለ ውሻ አታንሣብኝ ብለውኝ ነበር።»

የሚካፈለኝ ጥፋት እየፈለገልኝ ነበር። ሽማግሌ ሆኜ ይቅርታ ስለምነው እንኳ እኔን ላለማዋረድ ይጨነቃል። «አንተ ምንም አላጠፋህም» አልኩት። እንደገና ዝም አለ፤ ከዚያ ስለ ዳማ ጠየቅሁት። ደህና ነው፣ አርጅቷል ማለት አይቻልም፣ አሁንም በጎቹ ጋር ይውላል አለኝ። ትንሿ ልጄ ቡችላ ካልመጣልኝ እያለች መሆኑን ነገርኩት። ሳቀ። «መጀመሪያ ማን ጠዋት ጠዋት እንደሚወስደው ይወስኑ» አለኝ። «እኔ እወስደዋለሁ» አልኩት። «እርስዎ?» አለ። ሳቁን ለመደበቅ አልደከመም፤ ከዚያ ዓመት ወዲህ ሲስቅብኝ የሰማሁት የዚያን ዕለት ነው።

ለክረምቱ እኛ ዘንድ ውረድ አልኩት። «አባቴን ልጠይቅ» አለኝ። አባቱ ወንድሜ ነው። ወንድሜ እስከ ዛሬ የሚያውቀው ልጁ አገሩን ናፍቆ መመለሱን ነው።